አስራ አንዱ አንዶች

እናቴ አራት ቋንቋ ነበራት። ቤት ውስጥ ሐረሪኛ፣ ገበያ ላይ ኦሮምኛና ሱማልኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ። መጋላ ሰፈር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። አብረን ስንወጣ ባጃጁን ጥግ አስይዞ «ቲቸር!» ብሎ የሚጮህላት አይጠፋም ነበር። ጡረታ በወጣች ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇንና አራቱንም ቋንቋ በአንድ ጠዋት ወሰደባት።

ሐኪሙ ሲያስረዳን ቀላል አድርጎ ነው የነገረን። «ጭንቅላቷ አለ። ትሰማችኋለች፣ ይገባታል። ቃሉን ፈልጋ ማውጣት ነው ያቃታት።» እውነቱን ነበር። ውሃ ስትፈልግ «ሰኞ» ትላለች። ትራሷ ሲንሸራተት «ሰኞ» ትላለች። ከዚያ ደግሞ የቁርኣኑን ፋቲሓ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ፊደል ሳትስት በቃሏ ትቀራለች። አሚን ብላ ስትጨርስ ውሃ መጠየቅ አትችልም። ይህን ያላየ ሰው ስነግረው አያምነኝም።

ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ጠያቂ አጥቶ አያውቅም። እኔን ከሕመሙ ይልቅ ያቃጠለኝ ጠያቂው ነው። ገብተው አጠገቧ ይቀመጡና ደንቆሮ የሆነች ይመስል ጆሮዋ ሥር ይጮሃሉ። «ኡሚ! እ–ኔ–ን አ–ወ–ቅ–ሽ–ኝ?» ከዚያ ወደኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ትበላለች? ሰው ትለያለች?» እሷ እዚያው ናት! ዓይኗ እነሱ ላይ ነው! አንዷ ጎረቤታችን «በሱማልኛ ሞክሩላት፣ ምናልባት እሱ ቀርቷት ይሆናል» አለች፤ ሌላዋ «አይ፣ የእናት ቋንቋ ነው የማይጠፋው» አለቻት፤ እናቴን መሀል አስቀምጠው እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈልጉላት ዋሉ።

«አቦ እሷን ጠይቋት!» ብዬ ጮህኩ አንድ ቀን። «እሷን! እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?»

ሁሉም ደነገጡ። እናቴ ግን በግራ እጇ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ተይ ማለቷ ይሁን፣ ጎሽ ማለቷ፣ እስካሁን አላውቅም።

አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት በየሳምንቱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ እየመጣች እጅና እግሯን ታሠራት ነበር። የዋህ ልጅ ናት፤ ከእናቴ ጋር ስታወራ እናቴን ነው የምታየው። ስለዚህ ወደድኳት። በግራ እጇ መጻፍ እንድትለምድ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻት፤ ቀኝ እጇ ወረቀቱን መያዝ ስለማይችል ይንሸራተትባታል፣ እናቴም ትወረውረዋለች። «ግድግዳ ላይ ቢሆን ይሻላል» አለች ልጅቷ። ቀለም ቀቢ ጠርቼ የበረንዳውን ግድግዳ እንደ ሰሌዳ ጥቁር አስቀባሁት፤ አንድ ካርቶን ጠመኔ ገዛሁ። እናቴ ጠመኔውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ወንበሯን ወደ ግድግዳው እንድገፋላት በዓይኗ አዘዘችኝ።

«ስምሽን ጻፊ» አለቻት ልጅቷ። አልቻለችም። የመጀመሪያው ፊደል እንኳ አልመጣላት አለ። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ልጅቷ ቶሎ ብላ «እሺ ስሙ ይቅር። መስመር ብቻ አውርጂ፣ ከላይ ወደ ታች» አለቻት።

መስመሩን አወረደች። ደግማ አወረደች። ሰባት ስምንት መስመር ጎን ለጎን አቆመችና ወደ ኋላ ዘንበል ብላ አየችው። ከዚያ ከሥሩ የማካፈያ ምልክት ሠራች። ልጅቷ መስመር እንጂ ሌላ አላየችም፤ እናቴ ግን አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ተደርድሮ አንድ ትልቅ ቁጥር ሆኖ ነው የታያት። ቃል ሁሉ ሲሄድ ቁጥሩ አልሄደም ነበር። ማባዛቱ፣ ማካፈሉ፣ የተረፈውን ማውረዱ ሁሉ እዚያው ነው። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሷ ዞር ብላም አላየችኝ፣ ሥራ ላይ ነበረች።

እኔ ሒሳብ አልወድም። የምሠራው የጉምሩክ ሰነድ የሚያስጨርስ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ቁጥር የማየው በግዴታ ነው። የእናቴን ነገር የተረዳሁት ቀስ በቀስ፣ ከሥራ ስመለስ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነው። ከአንድ በስተቀር ሌላ አሃዝ የሌለባቸውን ቁጥሮች ነበር የምትመረምረው። 11ን ጻፈች፤ ከራሱና ከአንድ በቀር የሚያካፍለው የለም፣ አምስተኛ ክፍል ብቸኛ ቁጥር ብላ ታስተምረው የነበረው ዓይነት ነው። ከበበችውና «በር የለም» አለችኝ። አካፋይ የሚለው ቃል ሲጠፋባት በር የሚለው መጥቶላት ነበር፤ እኔም አካፋይ ብዬ አላረምኳትም። 111 በር አለው፤ ሦስት ነው። አራት አንዶች በ11 ይከፈላሉ። አንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ካለቁ ሁልጊዜ 11 ይገባባቸዋል፤ ሦስት ሦስት ሆነው ካለቁ ደግሞ ሦስት ይገባባቸዋል። እነዚህን በእጇ ገፋ አደረገቻቸው፣ ሰነፍ ተማሪ የሚሠራቸው ናቸው ማለቷ ነው።

የሚያስቸግሩት እንደ አምስትና ሰባት ያሉት ናቸው። አምስቱ አንዶች በ41 ተከፈሉላት፤ ድርሻው 271 ሆነ። ሰባቱ አንዶች፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ አስራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አስራ አንድ፣ ብዙ አስለፏት። የግራ እጅ ዘገምተኛ ነው፤ ጠመኔው ይሰበራል፤ የቀትሩ ሙቀት ሲብስ ክንዷ ይዝላል። በመጨረሻ 239 ገባበት። ድርሻው 4649 ወጣ፣ ምንም ሳይተርፍ። የዚያን ቀን ከሥራ ስገባ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጭኗን እየመታች ትስቅ ነበር። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነገር በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ንዴቴ የሚገባችሁ ያኔ ነው። አንድ ከሰዓት ያገኘቻቸውን በሮች ጎን ለጎን ጻፈች። 41ን ለአምስት አካፈለች፤ አንድ ተረፈ። 271ን ለአምስት አካፈለች፤ አንድ ተረፈ። 239ን ለሰባት፤ አንድ። 4649ን ለሰባት፤ አሁንም አንድ። አራቱንም ትርፎች ከበበችና ወደኔ ዞረች። ገብቶኝ እንደሆነ ፊቴ ላይ ፈለገች። ቀስ ብሎ ገባኝ። አምስት አንዶች ያሉት ቁጥር በሮች በአምስት ሲካፈሉ አንድ ይተርፋቸዋል፤ የሰባቱም በሰባት። ማንም አልነገራትም። ግድግዳው ላይ፣ በማይታዘዝ እጅ፣ ራሷ አገኘችው።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው?» አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። አላወቀችም። ልታይ ነበር የፈለገችው።

ስለዚህ አስራ አንድ አንዶችን ደረደረች፤ አስራ አንድ ቢሊዮንና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር። ሕጓ ልክ ከሆነ መሞከር ያለባት ለአስራ አንድ ሲካፈሉ አንድ የሚተርፋቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው። በ23 ጀመረች። አስር ተረፈ። 67፣ አልሆነም። 89፣ አልሆነም። እስከ መቶ አምስት ሺህ ገደማ በር ካላገኘች ቁጥሩ ብቸኛ ነው ማለት ነው፤ እስከዚያ መንገዱ ረጅም ነው። እሷ ግን አልቸኮለችም። ጠዋት ተነስታ ትታጠባለች፣ ትሰግዳለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ከዚያ ወደ ሰሌዳው። ከክፍል እንደማትቀር አስተማሪ ሆና ቀኗን መልሳ አገኘችው። እጇ ተፍታታ። ቃላትም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ «ሻይ» አለች፣ «ሙቀት» አለች፣ የፊዚዮቴራፒስቷን ስም ጠራች። አረፋ ሲቃረብ 4027 ላይ ደርሳ ነበር።

ለአረፋ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣ። ታላቄ ነው፤ መርካቶ ስልክና የስልክ ዕቃ ይነግዳል። ክፉ ሰው አይደለም። እናታችን የታመመች ጊዜ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ እግሯ ሥር የተኛ እሱ ነው። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ ንዴቴ በርዶልኝ አይደለም። ሲመጣ እንደ ንፋስ ነው የሚመጣው፤ በር ይከፍታል፣ ይስቃል፣ ያዛል፣ ሁሉን ነገር ያስተካክላል፣ ይሄዳል።

ከምሳ በኋላ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ጣፋጩ ሐልዋ ቀርቦ፣ ሁሉም በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ ግድግዳውን አየው።

«ይሄ ምንድነው? ሕፃናት ታስተምራለች እንዴ?»

«የራሷ ሥራ ነው» አልኩት። «ተወው።»

እናቴ ግን ልታሳየው ፈለገች። ልጇ ነው፣ ደስ ብሏታል። በግራ እጇ ወደ አስራ አንዱ አንዶች እያመለከተች «በር… በር…» አለችው። ቃሉ ሲታገላት አየሁ። ትንሽ ቢታገሣት ኖሮ 41ንና 271ን ታሳየው ነበር፣ የተረፉትን አንዶች ታሳየው ነበር።

«በሩ ክፍት ነው ኡሚ፣ ዘግተሽ አልተቀመጥሽም» አላትና ለእንግዶቹ ጠቀሳቸው። ሳቁ።

«አካፋይ ማለቷ ነው» አልኩ። «ቁጥሩን የሚያካፍል እየፈለገች ነው።»

«አሃ! እሱን ነው?» ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። «እንዳታደርገው!» አልኩ። ጣቶቹ ፈጣኖች ናቸው። አስራ አንዱን አንዶች መታ መታ አድርጎ ጻፈና ራሱን ቀና አደረገ።

«ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ፣ ሎተሪ የወጣለት ይመስል። «ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ ሲባዛ በአምስት መቶ አስራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ! አለቀ ኡሚ! ገላገልኩሽ!»

ተነሳና በመዳፉ 4027ንና ከሥሩ ያለውን ማካፈል ጠረገው። በትልልቅ አሃዝ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፈ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። «ጎበዝ! መሻአላህ!» አሉት። አጨበጨቡ! እናቴ የተጠረገውን ቦታ ታይ ነበር። ከዚያ ጠመኔውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ሰኞ» አለች።

ጓዳ ጎትቼ አስገባሁት። እንግዳ ሰማ አልሰማ ግድ አልነበረኝም።

«ምን አደረግክ? ምን አደረግክ አንተ?»

«ምን አደረግኩ? ረዳኋት እኮ! ለስንት ጊዜ ስትለፋበት የነበረውን በሰከንድ…»

«መልስ ማን ጠየቀህ?»

«ቁጥር ነው እኮ አቦ! ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ስልክ የሚያውቀውን እሷ ለምን ትደክማለች? ያማታል፣ ሙቀት አለ፣ ትረፍ ብዬ ነው።»

«እሷ አላወቀችውም ነበር! ልታውቀው ነበር! በራሷ እግር እየሄደችበት ነበር!»

«ወላሂ አንቺ ደክሞሻል» አለኝ። ራሴን ሊዳብሰኝ እጁን ሲዘረጋ መትቼ መለስኩት። እጁ ላይ ገና የጠመኔ ዱቄት ነበር።

እሱ በማግስቱ ሄደ። እናቴ ወደ ሰሌዳው አልተመለሰችም። ጠዋት ትነሳለች፣ ትሰግዳለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ከዚያ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ መንገዱን ታያለች። ክረምቱ ገባና ደቻቱ ሲሞላ ፊዚዮቴራፒስቷ መሻገር ያቃታት ጊዜ ነበር፤ የእናቴ እጅ እንደገና ደረቀ። «ሙቀት» እና «ሻይ» ሄዱ። ሁሉም ነገር ሰኞ ሆነ። ጠያቂዎች መጡና ግድግዳውን እያዩ «ልጅሽ እንዴት ያለ አዋቂ ነው» አሏት። አንዷ «እኛም እኮ ስልክ ብንችል…» ስትል ሳህኑን ከፊቷ አንስቼ ሄድኩ። ብልግና መሆኑን አውቃለሁ። አልጸጸተኝም።

እሱን በስልክ ስንት ጊዜ ጮህኩበት! በቢሮ፣ በባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ ላይ። እሱ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሌላ ቁጥር ስጪያት።» የተሰበረ ብርጭቆ የሚተካ ይመስል! እኔም ግራ ስለገባኝ ሞከርኩት፣ አስራ ሦስት አንዶች ደረደርኩላት። እርጥብ ጨርቅ አስመጥታ አጠፋችው። የወንድሜን ጽሑፍ ላጠፋ ስል ግን እጄን ያዘችኝ። ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የልጇ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ መስሎኝ ይበልጥ ተናደድኩ።

ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ከዘራዋን አስቀምጣ ቀኝ ትከሻዋን ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። የወንድሜን 21649 ለአስራ አንድ እያካፈለች ነበር። አሃዞቹ ይወላገዳሉ። ደግፌ ልይዛት ስጠጋ በክርኗ ገፋችኝ። 1968 ደረሰው፤ አንድ ተረፈ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ወረደች፣ 513239። እሱም ለአስራ አንድ። ተቀነሰ፣ ወረደ፣ ተቀነሰ፣ ወረደ። አንድ ተረፈ።

ሁለቱን አንዶች ከበበቻቸው። ጠመኔው እስኪደቅ ድረስ ደጋግማ ከበበቻቸው። ከዚያ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው፣ እንደ ሰው። ሕጓ ልክ ነበር። ያ ሁሉ ስልክ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ አንዱም ይህን አልነገራትም። ወንድሜ የጻፈላት ሁለት ቁጥር ነው፤ ቁጥሮቹ በየትኛው መንገድ እንደሚገኙ የምታውቀው ግን እሷ ነበረች። እዚያው መንገድ ላይ ነበር የቆሙት። መሄድ ብቻ ነበር የቀራት፤ ትደርስ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ከአረፋው ቀን በላይ ተናደድኩ፤ አሁን የተወሰደባት ነገር ምን ያህል እንደሆነ በዓይኔ አየሁት።

ወንድሜ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ በቪዲዮ ይደውላል። ያን አርብ ስልኩን ፊቷ ያዝኩላት።

«ኡሚ! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃል ስትፈልግ የሚመጣባት ትግል አልነበረም በዚህኛው።

«ሌባ» አለችው።

ጥርት ብሎ ነው የወጣው። ልጅ እያለን አስኳላ ስትቆጣ የምታወጣው የክፍል ድምፅ ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ ወንድሜ።

«ሰምተሃል።»

«ሌባ» ደገመችለት፣ ምናልባት ኔትዎርኩ ቆርጦበት እንደሆነ ብላ። ከዚያ እጇን አወናጨፈች፤ ዝጊው ማለቷ ነው። ዘጋሁት።

በኋላ ለብቻዬ ደወለልኝ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። «ለእናቴ ሌባ ነኝ? እኔ?»

«ምን እንደወሰድክባት ገብቶሃል?»

«ቁጥር ነው እኮ» ሊል ሲጀምር መሀል ላይ ተወው። ቢጨርሰው ኖሮ ስልኩን እዘጋበት ነበር።

አስራ ሦስቱን አንዶች በማግስቱ ራሷ ደረደረቻቸው። ለአስራ ሦስት ሲካፈል አንድ የሚተርፈው የመጀመሪያው ብቸኛ ቁጥር 53 ነው። ሞከረችው፤ ምንም ሳይተርፍ ገባ። በአንድ ሙከራ! እናቴ በአፍንጫዋ እፍ አለች፣ እንደ ርካሽ ዕቃ ናቀችው። አጠፋችና አስራ ሰባት አንዶች ደረደረች። ቁጥሩ ከግድግዳው ዳር ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

አሁን እዚያ ላይ ናት። ፊዚዮቴራፒስቷ ትመጣለች፣ እጇ ተመልሷል። ጠያቂ ሲመጣ ግድግዳው ላይ አንሶላ እጋርዳለሁ፤ አንድ ሰው ስልኩን ወደዚያ ሲያዞር ካየሁ አስወጣዋለሁ፣ ዘመድም ይሁን። ሁለት ሰው አስወጥቻለሁ። ስለኔ ምን እንደሚወራ አውቃለሁ፣ ሰፈር ውስጥ እብድ ሆኛለሁ።

ወንድሜ መጥቶ ይቅርታ ጠይቋታል። ፊቷን አዙራ ሰምታዋለች፤ እጇን ሊስም ሲል ግን አልከለከለችውም። እናት ናት። እኔ እህት ነኝ፤ ከእሱ ጋር እናወራለን፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ቤቱ ጣሪያ። ባለፈው ሲደውል «የአስራ ሰባቱን አላየሁትም፣ ወላሂ፣ ስልኬ ላይ አልነካሁትም» አለኝ። አላመንኩትም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ፈራ ሰው፣ «ስንት ደረሰች?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልነገርኩትም።